በአደራ የተሳለምኋቸው የፕራግ ደጆች

በአንድ ቀን አሥራ አራት በር የሳመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ከአሥራ አራቱ ስንቱ የቤተ ክርስቲያን በር እንደ ነበረ ግን ለጊዜው አትጠይቁኝ፤ እዚያ እስክንደርስ እኔም ድፍረት ላጠራቅም፣ እናንተም ታገሡኝ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው "ተሳለምልኝ" ከምትባል አንዲት ቃል ነው። እኛ አገር ይቺን ቃል የማያውቅ የለም። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ሌላው ከአጥሩ ውስጥ፣ ከአውድማው ላይ ወይም ከተኛበት አልጋ ሆኖ "ለኔም ተሳለምልኝ" ይለዋል። መንገደኛውም "እሺ" ይልና ደጁ ሲደርስ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለላኪው ስሞ ይመለሳል። ደረሰኝ የለው፣ ምስክር የለው። በመተማመን ብቻ የሚሠራ እንዲህ ያለ መልእክት ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ኳስ ሜዳ ውዬ ስመለስ ለስንቷ ባልቴት "ተሳልሜልሻለሁ" እንዳልሁ ማርያም ታውቃለች። ምርቃቱንም ሳላፍር ተቀብያለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከአምበር ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ የአፈር ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ገበሬው አፈሩን በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣልኛል፤ እኔ መርምሬ "አፈርህ ኮምጥጧል፤ ኖራ ያስፈልገዋል" እለዋለሁ፤ እሱም "ኖራውሳ የታለ?" ይለኛል፤ እኔም ቶሎ ብዬ የሚቀጥለውን ላስቲክ እፈታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ባሕር ይሻገራል ብሎ ያሰበ ከመሥሪያ ቤታችን አንድም አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ከማርያም ስትመለስ ወንዙ ላይ የረገጠችው ድንጋይ ከዳትና ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች። ወጌሻው አሸ፤ ሐኪሙ ፎቶ አነሣ፤ ሁለቱም "ትድኛለሽ" አሏት፤ ዳሌው ግን ሁለቱንም አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ዓለሟ ከአልጋዋ እስከ ግቢዋ በር ሆነ፤ እሱንም በምርኩዝና በእኅቴ በብርቄ ትከሻ ነው። ከግቢው ሆና የማርያምን ጥዶች ከጉብታው ላይ ታያቸዋለች። ደወል ሲደወል ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደዚያ ታዞራለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ "ደወሉ እስኪያበቃ ደጇ ላይ የቆምሁ ይመስለኛል፤ ሲያበቃ ግን እዚሁ ነኝ" አለችኝ።

ለምን ተሸክመህ አትወስዳትም ትሉኝ ይሆናል። ባጃጅ ዳገቱን አይወጣም። ፈረስ ከዱሮም ትፈራለች። ቃሬዛ ደግሞ ስሙ እንዲነሣባት አትወድም፤ "በቃሬዛ ወደ ማርያም የምሄደው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀንም ማንንም አላስቸግር፣ ዝም ብዬ እሄዳለሁ" ትላለች። እኔም ለጥምቀት ስመጣ "ለፋሲካ አንድ ዘዴ እንፈልጋለን" እላታለሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ ለፍልሰታ፣ ፍልሰታ ሲደርስ ለመስቀል እያልሁ ቀጠሮውን በበዓል ላይ በዓል እያሳለፍሁ ሦስት ዓመት አስቆጠርሁ። እሷም በእያንዳንዱ ቀጠሮ "እሺ ልጄ" ትለኝ ነበር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የአፈር ባለሙያዎች ሥልጠና ተብሎ እኔና የደምበጫው ባልደረባዬ ስንሻው ወደ ፕራግ የተላክነው። ሥልጠናው አምስት ቀን፣ ጉብኝቱ ሦስት ቀን። ልሰናበት መንደር ስሄድ እናቴ ስለ አውሮፕላኑም ስለ ብርዱም አልጠየቀችኝም።

"ቤተ ክርስቲያን አለበት?" አለችኝ።

"ሞልቷል ይላሉ።"

"እንግዲያ አይተህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ። ተሳለምልኝ። እኔ እንደሆነ የራሴን ደጅ እንኳ..." አለችና ነገሩን ሳትጨርስ ዓይኗን ወደ ጥዶቹ አዞረች።

ያፈረ ሰው ቃል ሲገባ ልክ አያውቅም። "አንድም አላልፍም እማ" አልኋት። ፕራግን አይቼ ቢሆን ኖሮ ምላሴን ነክሼ እይዘው ነበር።

እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን መሳት አይቻልም። ዛፍ ካለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛፍ ከሌለ እርሻ ነው። ፕራግ ግን ዛፉን ትተው ድንጋዩን ነው ያበቀሉት። በየማዕዘኑ ማማ፣ በየማማው ጉልላት፣ በየጉልላቱ ወርቅ፣ በየበሩ ጢማም ሽማግሌ ሐውልት። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ስሄድ የመብራት እንጨት ሁለት ጊዜ "ይቅርታ" አልሁት። የምናየውን ሁሉ እማ ብታየው እያልሁ ነበር የምሄደው። ያ ሁሉ ውበት ዓይኔ ላይ ደርሶ ሆዴ ውስጥ የሚያርፈው ናፍቆት ሆኖ ነው። ሰው ብቻውን ሲያምርለት ይከፋዋል ለካ።

አስጎብኚያችን ያና የምትባል ቀጭን ፈጣን ሴት ናት። እንዳንጠፋባት ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ፊት ፊት ትሄዳለች። እኛ ጃንጥላ ከፍ ብሎ ሲሄድ ከኋላው ታቦት አለ ብለን ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ እኔና ስንሻው ከሁሉም ጎብኚ ይልቅ በሥርዓት ተከተልናት።

የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ነበረች። ተራመድ አልሁና የበሩን መቃን ስሜ ግንባሬን አስነካሁ፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእማ። ስንሻው በልጅነቱ በድቁና ያገለገለ፣ ሃይማኖቱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው። ክንዴን ይዞ ጎተተኝና ይህ የካቶሊክ ደጅ መሆኑን፣ የኛ ሥርዓት እንደማይፈቅድ፣ አገሬ ስገባ ንስሐ እንደሚጠብቀኝ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ በሩን እንጂ ሃይማኖቱን አልሳምሁም አልሁት። እዚያው በር ላይ በሰው አገር ጉባኤ ከፈትን። ያና ጃንጥላዋን ይዛ ቆማ ስትጠብቀን ቆየችና ሰዓቷን አየች።

ክርክሩ የሚፈታው በላኪዋ ነው ብዬ በምሳ ሰዓት ለብርቄ ደወልሁ። ብርቄ ስልኩን ለእማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምትይዝላት። ስንሻው የኛ አይደለም እንደሚል ነገርኋት።

"የማን ናት አልህ?"

"የማርያም።"

"ማርያም የማን እናት እንደሆነች ለስንሻው ንገረው" አለችኝ። ከስልኩ ወዲያ የሰው ሳቅ ሰማሁ። ለካ ግቢው ሙሉ ጎረቤት ነው።

ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን ሰው ሲሰማኝ አላርፍም። የጊዮርጊስም አለ አልሁ፤ ከነፈረሱ፣ ከነዘንዶው ደጁ ላይ ቆሟል አልሁ። አያ ቢሻው የሚባሉት ጎረቤታችን ፈረሱ ምን መልክ እንደሆነ ጠየቁ። ሐውልቱ እውነቱን ለመናገር ከብረት የተሠራ፣ አረንጓዴ የሚመስል ነበር። አረንጓዴ ፈረስ ብዬ ለአያ ቢሻው ብነግር ጊዮርጊስን ያሳጣሁ መሰለኝና "አምባላይ ነው፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ" አልሁ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ያኔ ነው ነገሩ ከእጄ ያመለጠው። ብርቄ "ለኔም ተሳለምልኝ" አለች። እማሆይ ጥሩወርቅ "ለኔም" አሉ። የአጥር ጎረቤቷ፣ የአጥር ጎረቤቷ አማት፣ ለቡና ዱቤ ልትጠይቅ የመጣችው ሴት ሳትቀር ስሟን አስመዘገበች። አያ ቢሻው በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለእሳቸውም፣ እግሩን ላመመው በሬያቸውም አደራ አሉኝ። ናፕኪን ላይ ጻፍሁ፤ አሥራ አንድ ሰውና አንድ በሬ።

ከሰዓት በኋላ ያና ወደ አንድ ትልቅ አደባባይ ወሰደችን። በአደባባዩ ዳር ባለ ግንብ ላይ የከተማው ሰው የሚኮራበት ጥንታዊ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሲሞላ ከላይ ሁለት መስኮቶች ይከፈታሉ፤ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተራ በተራ ብቅ እያሉ ያልፋሉ። ከጎን አጽም ሆኖ የተቀረጸ ሞት ደወል ይደውላል። ሕዝቡ ስልኩን ወደ ላይ አንጋጦ ይጠብቃል። መስኮቱ ሲከፈትና ጴጥሮስ መክፈቻውን ይዞ ብቅ ሲል እኔ ኮፍያዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ እጄን አጣምሬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሐዋርያት ተሰልፈው ሲያልፉ ኮፍያ ደፍቶ የሚቆም ጎጃሜ እናቱ አልወለደችውም። በጎን ስንሻውን ሳየው "የካቶሊክ ነው" ይል የነበረው ሰው ከኔ ቀድሞ አጎንብሷል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። ቀና ስንል ስልኩ ሁሉ ከሐዋርያቱ ወደ እኛ ዞሯል። ያና መጥታ አሟችሁ ወይ አለችን።

በመጨረሻ ላይ አንድ የወርቅ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮው ሲጮኽ ጴጥሮስ ትዝ አለኝ፤ ከጴጥሮስ አያይዤ አምባላዩ ፈረስ ትዝ አለኝ። አልጋ ላይ ላለች እናት ዋሽቼ አሥር ሰው እልል አስባልሁ። ነገ በሥራ እክሰዋለሁ፣ አንድ ደጅ አላስቀርም አልሁ ለራሴ።

በማግስቱ ያልሁትን አደረግሁ። ናፕኪኑን በግራ እጄ ይዤ በየደጁ "ለእማ፣ ለብርቄ፣ ለእማሆይ ጥሩወርቅ..." እያልሁ ስም በስም እሳለማለሁ። ለራሴም ሲጨመር በአንድ በር አሥራ ሦስት ጊዜ ማጎንበስ ማለት ነው። ስንሻው ለሰው ይሁን፣ ለበሬ ግን አይሆንም ብሎ እንደገና ተሟገተኝ። አደራ ከተቀበልሁ ለበሬ ነው ለሰው ነው ብዬ መምረጥ የኔ ሥራ አይደለም አልሁት። ጎብኚዎቹ በመጀመሪያው በር ፎቶ አነሡኝ፤ በአራተኛው ተሰላቹ፤ በስምንተኛው አንዲት አሮጊት ለወገቤ የሚሆን ቅባት ሰጠችኝ። ያና በየማዕዘኑ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጃንጥላዋ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ እያለ እንደሄደ ልብ ያልሁት ኋላ ነው።

አሥራ አራተኛው በር ከሁሉም ያምር ነበር። ሰፊ ደረጃ፣ ወፍራም ዓምዶች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ሕንፃውን በትከሻቸው የተሸከሙ ሁለት ጢማሞች። ሙሴና ኤልያስ ናቸው ብዬ ወሰንሁ። ሰውም ረጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል ይወጣል። እዚህስ ጸሎት ይሰማል አልሁና ጀመርሁ። "ለእማ" ብዬ ሳምሁ። "ለብርቄ።" እያልሁ ወርጄ ከአያ ቢሻው ደረስሁ። ለአያ ቢሻው ብዬ ሳጎነብስ በሩ በራሱ ተከፈተና ግንባሬ የአንድ ግዙፍ ዘበኛ ሆድ ላይ አረፈ።

ዘበኛው እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ናፕኪኑን ነው የያዘው። በማያውቀው ፊደል የተጻፉ አሥራ አንድ ስሞችና ከግርጌ አንድ የበሬ ሥዕል አየ፤ በሬውን እንዳልረሳው ሥዬው ነበር። ሌላ ዘበኛ ጠራ። የተጠራውም ሌላ ጠራ። ስንሻው ያናን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሙሴና ኤልያስ መሀል በሦስት ሰዎች ተከብቤ ቆምሁ። ያና ነገሩን ጠይቃኝ፣ ሰምታ፣ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

"ይህ ባንክ ነው" አለችኝ።

ዘበኞቹ ከሳቁ በኋላ ደግ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ናፕኪኑን በክብር አጥፎ መለሰልኝ። ያና ግን አልለቀቀችኝም። ደረጃው ላይ አስቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ የሳምኋቸውን በሮች አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ያ ወርቅ ጣሪያ ያለው? ቲያትር ቤት። ያ ጉልላታሙ? ሙዚየም። መላእክት የቆሙበት? የኢንሹራንስ ቢሮ። ያ ደግሞ የባቡር ጣቢያ የጀርባ በር ነው፤ ያ ደግሞ የሙቅ ውኃ መታጠቢያ ቤት። ከአሥራ አራቱ የቤተ ክርስቲያን ሆነው የተገኙት ስድስት ናቸው። እንግዲህ እስካሁን ሳጠራቅም የቆየሁት ድፍረት ለዚህ ነበር።

የዚያን ቀን አልደወልሁም። እናቴ ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ የማን ደጅ ነበር ትለኛለች። የኢንሹራንስ ልበላት?

በሦስተኛው ቀን መስቀሉን ከላይ በዓይኔ ሳላይ፣ ያናንም ሳልጠይቅ አንድ በር አልነካም ብዬ ማልሁ። ጠዋት ሙዚየም ነበርን። ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ በጨዋ ደንብ ስዘዋወር ቆየሁ። ከዚያ አንድ ግድግዳ ላይ፣ መስታወት ውስጥ፣ በእንጨት ላይ የተሣለች ማርያም ልጇን ታቅፋ አየኋት። ከየትኛው አገር እንደ መጣች አልተነበበልኝም። ዓይኗ ግን የኛ መንደር ማርያም ዓይን ነው። እናቴ ሁልጊዜ ከሴቶች መቆሚያ ከአንዲት ዓምድ አጠገብ ሆና የምታያት፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ያላየቻት ሥዕል ትክክለኛ እኅት ናት። ልጅ ሆኜ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ስቆም እማ ለዚያች ሥዕል የምትነግራትን ሹክሹክታ ለመስማት ስንት ጊዜ ጆሮዬን ቀስሬአለሁ። ዓይኔን ከሥዕሏ ሳልነቅል ቀረብሁ፤ መሐላዬም ጠፋኝ፤ ግንባሬ መስታወቱን ነካ።

የማስጠንቀቂያው ደወል ሕንፃውን አናጋው። ጎብኚዎቹ በሰልፍ ወደ መውጫው ሄዱ። ስንሻው ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ከሌላ አገር የመጣ ሰው መሰለ። ጥግ ላይ ወንበር ይዛ የምትቀመጥ ሽበታም ጠባቂ እየተቻኮለች መጣች፤ ተቆጣች መሰለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ቁጣዋን ተወችው። ደወሉን አስቆመች። ከኪሷ ጨርቅ አውጥታ የግንባሬን ወዝ ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብላ ጠረገች። ስወጣም በዓይኗ ሸኘችኝ። ያና ደግሞ ከዚህ በኋላ ከጎኗ ሁለት እርምጃ እንዳልርቅ ነገረችኝ፤ እኔም እንደ በግ ተከተልኋት።

የመጨረሻው ጉብኝት ሁለት ማማ ያላት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ያና ራሷ "ይህቺ እውነተኛ ናት፤ ሳም" አለችኝ። ናፕኪኑን አወጣሁ። ልጀምር ስል ግን አንድ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው እናቱን በዊልቸር እየገፋ መጣ። ደረጃው ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሳንቃ አለ፤ በዚያ ላይ እየገፋ አወጣትና በሩ አጠገብ አቆማት። አሮጊቷ ጓንቷን አወለቀች፤ መዳፏን በሩ ላይ አኖረች፤ ዓይኗን ጨፈነች። አልሳመችም፣ አላለቀሰችም። እጇ በሩ ላይ ቆየ። ሰውየው እሷን አላያትም፤ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ አላፊ አግዳሚውን ያያል፤ አዛጋም። በየሳምንቱ ሲያመጣት፣ ስትጨርስ ሲጠብቃት፣ ሲመልሳት የኖረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። እስኪሰለቸው ድረስ አምጥቷታል።

በዚያ ሰው ቀናሁ። በአገሩ አይደለም፣ በዊልቸሩም አይደለም፤ በመሰልቸቱ ቀናሁ።

ተራው የኔ ሲሆን "ለእማ" ልል አፌን ከፈትሁና ናፕኪኑን መልሼ አጠፍሁት። ባሕር ተሻግሬ የባንክ በር ሳይቀር ለእናቴ ስሜያለሁ፤ እሷን ግን ወደራሷ ደጅ አንድ ቀን አላደረስኋትም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ያና ጃንጥላዋን አጥፋ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ስንሻው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሃይማኖት ትምህርት ሊሰጠኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጫማውን እያየ "ለኔም እናት ተሳለምላት" አለኝ። "ስመ ክርስትናዋ ወለተ ማርያም ነው። ስትሞት ሥልጠና ላይ ነበርሁ።"

ተነሥቼ ናፕኪኑ ላይ ጻፍኋትና ለሁሉም ተሳለምሁ።

አገሬ ስገባ ደብረ ማርቆስ ሳላድር መንደር ወረድሁ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ምግብ ሳልቀምስ ተናዘዝሁ፤ ፈረሱ አምባላይ አይደለም አልሁ፤ ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ቤተ ክርስቲያን አይደሉም አልሁ፤ ባንኩን፣ ቲያትር ቤቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳላስቀር ቆጠርሁ። አያ ቢሻው ብቻ ለእሳቸው የተሳለምሁበት የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። በሁሉም እንደሆነ፣ ባንኩ ላይ ግን ልስምላቸው ስል ግንባሬ ዘበኛ ላይ እንዳረፈ ነገርኋቸው።

"በሬውስ?"

"እሱም እንደዚሁ፤ ባንኩ ላይ ግን ሳልደርስለት ያዙኝ።"

አያ ቢሻው ትንሽ አሰቡ። "በሬው እንደሆነ ድኗል" አሉና ጠላቸውን አነሡ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም በነፃ ተሰናበትሁ።

እማ ግን አልሳቀችም። ሰው ከተበተነ በኋላ ስለ አሮጊቷ ጠየቀችኝ። በሳንቃው ላይ እንዴት እንደወጣች፣ ጓንቷን እንዴት እንዳወለቀች ነገርኋት። "ከዚያስ ምን አደረገች?" አለችኝ። እጇን በሩ ላይ አኖረች አልኋት። "ከዚያስ?" ከዚያ ሌላ ምንም አላደረገችም አልሁ። እማ የራሷን መዳፍ ጉልበቷ ላይ አኑራ አየችው። ያን ጊዜ ለየትኛውም በዓል አልቀጠርኋትም።

በማግስቱ ከአያ ቢሻው ቤት ክንድ ያለው ወንበር ለመንሁ። እግሩን ከሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ጋር በጠፍር ጥርቅም አድርገን አሰርን። ቃሬዛ እንዳይመስላት ጋቢ አነጠፍንበት። እማ ዙሪያውን አየች፤ በምርኩዟ መታ መታ አደረገችው።

"ተቀምጬ ነው?"

"ተቀምጠሽ ነው።"

"ተቀምጬ ከሆነ እሺ" አለች።

የማርያም ዕለት ጠዋት አራት ሆነን ተሸከምናት፤ ከፊት እኔና አንድ ጎረቤት፣ ከኋላ የአያ ቢሻው ሁለት ልጆች። ከላይ ሆና ታዝዘናለች። ወንዙ ላይ የጣላትን ድንጋይ ለይታ አሳየችንና እንዳንረግጠው አስጠነቀቀችን። ዳገቱን ስንጀምር አንዲት ሴት ጥጥ ስትፈትል ከደጇ አየቻት። ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"እትዬ አልጋነሽ፣ ለኔም ተሳለሚልኝ" አለቻት።

ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴን ተሳለሚልኝ ያላት ሰው አልነበረም። እሷ ናት ሰውን ስትልክ የኖረችው። ከትከሻዬ በላይ ድምፅዋን ሰማሁት፤ "እሺ" አለች፤ ነጠላዋንም እንደገና አስተካከለች። ከዚያች ሴት በኋላ እስከ ጉብታው ድረስ አምስት ወይም ስድስት ሰው አደራ ሰጣት። ሁሉንም ተቀበለች።

ከቅጽሩ በር አወረድናት። ጫማዋን ራሷ አወለቀች። እኔና ብርቄ ደግፈን አቆምናት። የቀኙን መቃን ሳመች፤ የግራውን ሳመች፤ እንደገና ወደ ቀኙ ተመለሰች። የላኳትን ሰዎች ስም አንድ ሳትስት እየጠራች ተሳለመችላቸው። የአባቴንም ስም ጠራች። ከዚያ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ክንዴ ደነዘዘ። ባዛጋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

ስትጨርስ ወንበሩ ላይ መልሰን አስቀመጥናት። ወደ ታች ተመለከተች። ቤታችን፣ ግቢው፣ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ሁሉ ከዚያ ይታያል።

"መንገዱስ ያው የማውቀው ነው" አለችኝ፤ የወቀሳ ድምፅ የለበትም። "ሦስት ዓመት ስቀመጥ ረዝሞብኝ ነው እንጂ። የማልደርስበት መስሎኝ ነበር።"

ሰዓቴን አየሁ። ከደጁ ላይ የቆየንበትን ሳልቆጥር፣ ከቤት እስከዚያ በር የፈጀብን ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው።